«ሎሚው ደረሳችሁ ወይ?»

ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር ሁለት ነው። አንዱ የጓዳ ሙያ ነው፤ ሎሚንና የብርቱካን ልጣጭን አድርቆ ዱቄት ማድረግ። ሁለተኛው ይህን ሙያ እንዴት እንደ ተማርሁት ነው። ሙያውን ብቻ ጽፌ ላልፍ አስቤ ነበር፤ ኅሊናዬ ግን እንቢ አለኝ። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ነው። ዲላንና አካባቢዋን የሚያውቅ ሁሉ ነሐሴ ለኪስ ምን ዓይነት ወር እንደ ሆነ ያውቃል። በጌዴኦ ገንዘብ የሚታየው ቡና ሲለቀም ነው፤ ቡናው ደግሞ ከጥቅምት ገደማ በፊት አይደርስም። ያለፈው ዓመት የቡና ብር አልቋል፣ የሚመጣው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ግን ቡና እስኪቀላ አይጠብቅም። ገበሬው ሲቸግረው ቤተ ክርስቲያንም ይቸግራታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቸግራት የአገልጋዩም ጓዳ ይጎድላል።

ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ከይርጋ ጨፌ መንገድ ገባ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር አጥቢያ ለሦስት ቀን ትምህርት ሄዶ ነበር። እኔም በልቤ አስቤአለሁ፤ ሲመለስ ለአገልግሎቱ የሚሰጡት ነገር አይጠፋም፣ በእርሱ የልጆቹን ደብተርና የትንሿን ጫማ እገዛለሁ ብዬ። በሦስተኛው ቀን ማታ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ባለቤቴ በዝናብ በስብሶ ወረደ፤ ከኋላው ግማሽ ማዳበሪያ ሎሚ አወረደ።

«ይኸው ነው?» አልሁት።

«ይኸው ነው። እናቶች ከየጓሯቸው ለቅመው ነው የሰጡኝ።»

«ሎሚ ደብተር ይገዛል? ሎሚ ጫማ ይሆናል?»

አልመለሰልኝም። ልብሱን ቀየረ፣ ከልጆቹ ጋር ጸለየና ተኛ። እኔ ማዳበሪያውን እንደ ታሰረ ወደ ጓዳው ጥግ ገፋሁት። በማግሥቱ አልፈታሁትም፤ በሳምንቱም አልፈታሁትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረስቼው አይደለም። በገባ በወጣ ቁጥር እንዲያየው ብዬ ነው የተውሁት።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሽታው አስነሣኝ። ስፈታው ከሥር ያለው ሻግቶ ውኃ ሆኗል። የተበላሸውን በባልዲ እየሞላሁ በጓሮው ጉድጓድ ደፋሁት። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ከዚያች አጥቢያ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ለዓይናቸው ሕክምና ዲላ መጥተው ኖሮ ሊጠይቁን ጎራ ብለው ነው። ቡና አፈላሁ። ሁለተኛው ከቀረበ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ሎሚው ደረሳችሁ ወይ? ጠቀማችሁ?»

«አዎ እማማ፣ በጣም ጠቀመን። እግዚአብሔር ይስጥልን» አልሁ።

ፊታቸው በራ። «እኔ ያለኝ ዛፍ አንድ ነው። ዘንድሮ ጥሩ ሰጠኝ፤ መጀመሪያ የደረሰውን ለጌታ አገልጋይ ይሁን ብዬ ለቀምሁት» አሉ። እኔ የእርሳቸውን የመጀመሪያ ፍሬ በባልዲ ደፍቼ ገና እጄን ከታጠብሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም ነበር።

ባለቤቴ በጎን ባለው ክፍል ለእሑድ ሲዘጋጅ ሁሉን ሰምቷል። እማማ ከሄዱ በኋላ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «የሎሚው መበላሸት አይደለም ያሳዘነኝ። ከዚያ ይዤው ስነሣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ ስደርስ አፈርሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰጡኝን ይዤ ወደ ቤቴ መግባት እፈራለሁ።»

እኅቶቼ፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ባል ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት የሚፈራበት ቤት እየሠራሁ እንደ ነበር አላወቅሁም። አለቀስሁ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። እርሱም «እኔም ጥፋት አለብኝ፤ የምዝገባው ጉዳይ አንቺን ብቻ ሲያስጨንቅሽ ዝም ብዬ ነው የሄድሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠን አልተነጋገርንበትም» አለ። ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለንንና የሌለንን በወረቀት ጻፍን።

በማግሥቱ በማኅበረ ምእመናናችን ያለች አንዲት እኅት መጣች። ዐረብ አገር በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች ናት። ከማዳበሪያው የተረፈውን ደኅና ሎሚ ስለይ አይታ «እትዬ፣ ይህን ሊጥሉት ነው እንዴ? እኔ በሠራሁበት ቤት የደረቀ ሎሚ በገንዘብ ነው የሚገዛው» አለችኝ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሎሚን በጨው ውኃ ቀቅለው እስኪጠቁር በፀሐይ ያደርቁታል፤ ሾርባና ሥጋ ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። ስሙም ሩቅ አይደለም፤ «ሉሚ» ይሉታል። ቻይናዎችም የመንደሪን ልጣጭ አድርቀው ለዓመታት ያስቀምጡታል። በእኛም አገር የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሻይ ውስጥ የሚጨምሩ እናቶች ብዙ ናቸው። እንግዲህ እርሷ ያሳየችኝንና ከዚያ ወዲህ በስሕተትም በደኅናም የተማርሁትን ላስፍርላችሁ።

ፍሬውን መምረጥና ማጠብ

ጠንካራ፣ ቆዳው ያልተቀደደና ያልሻገተ ሎሚ ምረጡ። የብርቱካን ልጣጭ ስትጠቀሙ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ክፍል ቆርጣችሁ አውጡ። በደቡብና በምዕራብ አገራችን እርጥበት ባለባቸው ቦታዎች የብርቱካን ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጠብጣብ የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ ከገባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብዙ ዛፍም ጎድቷል። በየጓሮው የነበረው ብርቱካን ስለ ቀነሰ የተገኘችውን ልጣጭ እንኳ አለመጣል ተገቢ ነው።

ከሱቅ የሚገዛ ብርቱካን እንዲያብረቀርቅ ሰም ሊቀባ ይችላል፤ ለብ ባለ ውኃ እየፈተጋችሁ እጠቡት። ከጓሮ የተለቀመውም ቢሆን አቧራና የመድኃኒት ርጭት ሊኖርበት ስለሚችል በደንብ ታጥቦ በንጹሕ ፎጣ ይድረቅ።

መቁረጥ

ለዱቄት የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው።

1ኛ/ ልጣጭ ብቻ፦ የብርቱካን፣ የመንደሪን ወይም የሎሚ ቀለም ያለውን የላይኛውን ቆዳ በስለታም ቢላዋ በስሱ ላጡ። ከሥሩ ያለው ነጭ ሽፋን መራራ ስለሆነ በተቻለ መጠን ይቅር። መዓዛው ያለው ላይኛው ቆዳ ውስጥ ባለው ዘይት ነው።

2ኛ/ ሙሉ ሎሚ፦ ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ፍሬውን (ዘሩን) አንድ በአንድ አውጡ፣ እርሱም ያመርራልና። ይህኛው ኮምጣጣ ዱቄት ይሰጣል። ሎሚ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከአንድ ኪሎ ከ100 እስከ 150 ግራም ያህል ብታገኙ ነው፤ አነሰ ብላችሁ አትዘኑ።

ሎሚ የነካው እጅ ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ አይውጣ። ጭማቂውና የልጣጩ ዘይት ያረፈበት ቆዳ ለፀሐይ ሲጋለጥ ሊቃጠልና ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ዱቄቱን ፊት ላይ መቀባትንም በዚሁ ምክንያት አልመክርም።

ማድረቅ

እኛ ቡና የምናደርቅ ሰዎች ስለሆንን ይህ አይከብደንም። ቡና በአልጋ ላይ ለምን ይሰጣል? ነፋስ ከላይም ከታችም እንዲያገኘው ነው። ለምንስ ይገለባበጣል? ለምንስ ማታ ይሸፈናል? ጤዛ እንዳይመልሰው ነው። ሎሚም እንዲሁ ነው። በንጹሕ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት፤ ሰፌዱን ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጡት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት አስገቡት። በአሉሚኒየም ወይም በዛገ ብረት ላይ አታድርቁት፤ ኮምጣጣው ከብረቱ ጋር ይሠራል።

በእኛ አካባቢ ምርጡ ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው የበጋ ፀሐይ ነው። ስስ ልጣጭ በሁለት ወይም በሦስት ቀን፣ ቁራጭ ሎሚ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይደርቃል። ልጣጩን ነፋስ ባለበት ጥላ ብታደርቁት ቀለሙና መዓዛው የበለጠ ይቆያል።

እኔ ግን የጀመርሁት በነሐሴ ነበር። የመጀመሪያውን ሰፌድ በረንዳ ላይ ብዘረጋው በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ያን ጊዜ ያቺ እኅት ምጣዱን አሳየችኝ። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ምጣዱ እጅ ቢያርፍበት የማያቃጥል ሲሆን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ልጣጩን ዘርግታችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ ምጣዱን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አሙቃችሁ አጥፉትና እንደገና መልሱት። እስኪደርቅ እንዲሁ ነው፤ ቀናት እንዳይዘለሉ፣ በመካከሉ ይሻግታልና። የኤሌክትሪክ ኦቨን ያላችሁ በ60 ወይም በ70 ዲግሪ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ልጣጩን ከ3 እስከ 5 ሰዓት አቆዩት፤ ቁራጩ ሎሚ ይበልጥ ይወስዳል። የማገዶ ጭስ ካለበት አርቁት፤ ጭሱን ጠጥቶ ሻዩን ያበላሸዋል።

መድረሱን በእጃችሁ ታውቃላችሁ። ስትሰብሩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከታጠፈ አልደረሰም። የደረሰውን በጠርሙስ ከትታችሁ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። ጠርሙሱ ውስጥ እርጥበት ካያችሁ ወደ ፀሐይ መልሱት። ሻጋታ ካያችሁ ግን ሁሉንም ጣሉት። የሻገተውን ለይቶ ሌላውን መብላት አደገኛ ነው፤ የሻጋታው መርዝ በዓይን አይታይምና።

መውቀጥና ማስቀመጥ

ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ባልነካው ሙቀጫ ውቀጡት፤ በጥሩ ወንፊት ንፉት፤ የቀረውን እንደገና ውቀጡ። በአንድ ጊዜ ለአንድ ወር የሚበቃ ብቻ አድቅቁ፤ ሳይወቀጥ የተቀመጠው መዓዛውን ይይዛል። በሚገጥም ክዳን በደረቀ ጠርሙስ፣ ከምድጃና ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። የተሠራበትን ቀን ጻፉበት፤ እስከ ስድስት ወር መዓዛው ጥሩ ነው።

አጠቃቀሙ

ለአንድ ሊትር ሻይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የልጣጭ ዱቄት፣ አንድ ስባሪ ቀረፋና ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ይበቃል። ዱቄቱን ሻዩ ሊወርድ ሲል ጨምሩት፤ ብዙ ከፈላ ያመርራል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ዳቦ ወይም ኬክ አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨመራል። የሙሉ ሎሚው ኮምጣጣ ዱቄት ደግሞ ለአዚፋ፣ ለዓሣ፣ ለተፈጨ አቮካዶና ለሰላጣ ይሆናል፤ ከጨውና ከትንሽ ሚጥሚጣ ጋር ተደባልቆ በአናናስ ላይ ቢነሰነስ ልጆች ይወዱታል። በመጀመሪያ በጥቂቱ ቅመሱ፤ ደርቆ ስለ ጠነከረ ከትኩሱ ይልቅ ኃይለኛ ነው።

መድኃኒት አይደለም

በዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። የደረቀ ሎሚ ይህን በሽታ ያድናል፣ ያን ዕጢ ያጠፋል የሚሉ ወሬዎች ይመጣሉ። አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሐኪም ድድ በሚያደማው በስከርቪ በሽታ የተያዙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው፤ በፍጥነት የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ። ነገር ግን ጭማቂው እንዳይበላሽ ተብሎ በእሳት ሲወፍር ኃይሉ አብዛኛው ይጠፋ ነበር። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በአየር ይቀንሳል። ስለዚህ ትኩስ ሎሚ ካለ ለጎመኑና ለምስሩ ትኩሱን ጭመቁ፤ በውስጣቸው ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ይረዳል። ዱቄቱ ለጣዕምና ለመዓዛ ነው። ጨጓራ የሚያማችሁ ተጠንቀቁ። ልጅ ሲታመም ደግሞ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ጠርሙሱ አትሂዱ፤ እየጸለያችሁ ሂዱ።

ወደ ጀመርሁት ልመለስ

ጌታ ኢየሱስ በገሊላ ማዶ ብዙ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ ተሰብስቦ እንዳይባክን ደቀ መዛሙርቱን እንዳዘዛቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። ይህን ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ በሴቶች ኅብረትም አስተምሬዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያየሁት ከሎሚው በኋላ ነው። አምስቱን እንጀራ ለሺዎች ማብዛት የቻለ ጌታ ቁርስራሽ ባያስለቅምስ ምን ይጎድልበታል? ነገም ማብዛት ይችላል። እርሱ ግን ያቺን ትንሽ ምሳ የሰጠውን ልጅ ስጦታ አልናቀም፤ ከእርሷ የተረፈውንም አላስጣለም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ደግሞ ኤልሳዕ ዕዳ ያስጨነቃትን መበለት በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት። እርሷ የቆጠረችው የሌላትን ነበር፤ ከአንዲት ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም የለኝም አለች። መፍትሔው ግን ከዚያችው ማሰሮ ጀመረ።

የጌዴኦ እናቶች ይህን ያለ ኮሌጅ ያውቁታል። ከእንሰት ምን ይጣላል? ቆጮና ቡላ ይበላል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ ዳቦ ይጠቀለልበታል፣ የቀረው ለከብት ይሰጣል። ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው አጠገብ ፍሬ እያሉ በትንሽ መሬት ብዙ ቤተ ሰብ አኑረዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ያን ምድር የጠበቁት እጆች ግን ሎሚውን የለቀሙልን እጆች ናቸው።

በተከታዩ ዓመት በጥር፣ ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ከባለቤቴ ጋር ወደዚያች አጥቢያ ሄድሁ። አንድ ጠርሙስ የሎሚ ዱቄት ይዤ ነበር። እማማን ለብቻቸው አገኘኋቸውና እውነቱን ነገርኋቸው፤ ግማሹ በስብሶ እንደ ደፋሁት፣ ጠቀመን ያልሁትም ውሸት እንደ ነበር። እማማ ሳቁ።

«አውቄአለሁ እኮ ልጄ። ያን ቀን ሽታው ከበሩ ጀምሮ ይሰማ ነበር። የታመመው ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ ደኅና ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺው እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ» አሉና ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱት። «ይህ የእኔ ዛፍ ነው?» አሉ። ከዚያ ሻይ ጣድን።

ወገኖቼ፣ ዛሬም ነሐሴ ነሐሴ ነው። ደብተርና ጫማ በሎሚ አይገዛም፤ ያን ዓመትም ከዘመድ ተበድረን ነው ያስመዘገብናቸው። ነገር ግን ባለቤቴ የተሰጠውን ይዞ ሲመጣ አሁን ከበር ይጣራል፤ «ነይ እዪ ምን እንደ ሰጡን» ይላል። እኔም እወጣለሁ። ለእኔ ይህ ከደብተሩም ከጫማውም ይበልጥብኛል።

ባልና ሚስት አብራችሁ እንድትነጋገሩባቸው እነዚህን ጥያቄዎች ትቼላችሁ እሄዳለሁ፦

1. የትዳር ጓደኛችሁ በደስታ ወደ ቤት ያመጣውን ነገር ያሳነሳችሁበት ጊዜ አለን? ይቅርታ ተጠያይቃችኋልን?

2. ያላችሁንና የሌላችሁን አብራችሁ በወረቀት የጻፋችሁት መቼ ነው?

3. ቂማችሁን ለማሳየት ስትሉ ጥግ ላይ የተዋችሁት ማዳበሪያ አለን? ሳይሸት ፍቱት።

ጌታ ቤታችሁንና ጓዳችሁን ይባርክ። አሜን።